ሰው ከነኮቱ አይለካም

ገና ጎህ ሳይቀድ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ለሦስተኛ ጊዜ ተከፈተ። ውኃው ባልዲ ለመሙላት የሚወርድ አልነበረም፤ ሌላ ድምፅ እንዳይሰማ የሚወርድ ነበር። ልጅቱ ይህንን ከአልጋዋ ሳትነሣ ለየችው፤ በዚያ ቤት ውኃ ያለ ሥራ ሲፈስ እየሰማ ዝም የሚል ሰው ኖሮ አያውቅምና። እጅ በሳሙና በሚታሽበት ጊዜ እንኳ ቧንቧው እንዲዘጋ የሚያዝዙት እናቷ ከግድግዳው ማዶ ነቅተው እንደ ነበር ከአተነፋፈሳቸው ያስታውቃል፤ ነገር ግን አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ቧንቧው ተዘጋ። የአባቷ እግር ግድግዳውን እየታከከ ቀስ ብሎ ወደ መኝታው ተመለሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ለአራተኛ ጊዜ ተነሣ። ልጅቱ አርባ ሁለት ዓመቷ ነው። “ልጅቱ” የምትባለው ከወላጆቿ ጋር በምትኖርበት በዚህ ቤት ብቻ ነው፤ በሰፈሩ ዘንድ “የጋሼ ሜትር ልጅ” ናት። አባቷ ከሃምሳ ዓመት በላይ የመለኪያ ሜትር ከአንገታቸው ሳይወርድ የኖሩ ልብስ ሰፊ ስለሆኑ፣ የወጣላቸው ስም ተረስቶ የሙያቸው ዕቃ ስም ሆኗቸዋል። እርሷም ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ በቤቱ የፊት ክፍል ባለው ሱቅ ከጎናቸው ተቀምጣ ሰፍታለች።

ዕለቱ የመርፌ ቀን ነበር። አባትና ልጅ በየሦስት ሳምንቱ አብረው ወደ ሆስፒታል ይሄዳሉ፤ አባትየው ለሳንባቸው ካንሰር የታዘዘላቸውን መድኃኒት በጭናቸው ቆዳ ሥር ይወጋሉ። እስካሁን አምስት ጊዜ ተወግተዋል፤ ይህ ስድስተኛው ነው። ከአራተኛው በኋላ በተነሣው ፎቶ እብጠቱ በግማሽ ቀንሶ ታየ። ያን ቀን ሽማግሌው ከሆስፒታሉ በር እስከ አውቶቡሱ ማቆሚያ ሳያርፉ ተራመዱና፣ “ሃምሳ ዓመት ጨርቅ ስወጋ ኖሬ፣ አሁን ጨርቁ ብድሩን እየመለሰልኝ ነው” ብለው ቀለዱ፤ ልጅቱም ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ መርፌው በቤቱ ውስጥ እንደ አንድ የተከበረ ዘመድ ሆኗል። ቀኑ ሲደርስ ሱሪው ይተኮሳል፤ ጫማው ይወለወላል፤ ማንም ድምፁን ከፍ አያደርግም።

ወጥ ቤት ስትገባ እናቷ ያንኑ የመርፌ ቀን ሱሪ እየተኮሱ አገኘቻቸው። የሻይ ማንቆርቆሪያው ምድጃው ላይ ያፏጫል፤ ዳቦው ተቆርጦ በሳህን ላይ ተቀምጧል። የሱሪው ቁልፍ ላልቶ ስላየችው ልታጠብቀው ብድግ አደረገችው፤ እናቷም ፈጥነው፣ “ተዪው፣ እኔ እሠራዋለሁ” አሉ። በዚህ ቤት ቁልፍ የሚተክሉት እናትየው ሆነው አያውቁም። ልጅቱ ሱሪውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበች። አውራ ጣቷ በመቀመጫው ስፌት ላይ ሲያልፍ አንድ አዲስ ነገር ነካ፤ ጣቷም ከዓይኗ ቀድሞ ገባው። ወገቡ ጠብቧል። የጠበበውም በስፌት መኪና አይደለም፤ በእጅ ነው፤ ስፌቱ ደቃቅ፣ እኩል፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚረግጥ ነው። እንዲህ ያለ ስፌት በዚህ ከተማ የሚሰፋ አንድ እጅ ብቻ እንዳለ ታውቃለች። ከመጀመሪያው አጠገብ ሁለተኛ ስፌት ነበረ፤ መጀመሪያ አንድ ጣት፣ ቀጥሎ ሌላ አንድ ጣት ጠብቧል ማለት ነው። ውስጡን ገልብጣ ሳታይ እናቷ ሱሪውን ከእጇ ወስደው ተኩሱን ቀጠሉ።

“እማዬ፣ ሆዱን ካመመው ስንት ቀኑ ነው?”

እናትየው ካውያውን አነሡ፤ መልሰው አስቀመጡ። “አትንገሪያት ብሎኛል” አሉ። ቀጥለውም፣ “የሾፌሩን ነገር አንቺም ታውቂዋለሽ” አሉና ፊታቸውን ወደ ምድጃው መለሱ።

ልጅቱ የሾፌሩን ነገር ታውቀዋለች። በመጠበቂያው ክፍል ከአባቷ ጎን ይቀመጥ የነበረ፣ ሳቁ ከአዳራሽ አዳራሽ የሚሰማ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ቀን አባቷ በመጋረጃው ማዶ ተቀምጠው ተራቸውን ሲጠብቁ፣ ሾፌሩ ለነርሷ ሆዱ እንዳስቸገረው ሲናገር ሰሙ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንበሩ ባዶ ነው። ሽማግሌው ሁለቱን ነገሮች እንደ እጅጌና ትከሻ አጋጥመው ሰፏቸው፤ ሰውየው ተናገረ፤ ስለ ተናገረም መድኃኒቱን ነጠቁት። ስለዚህ ግምት ከቤታቸው ውጭ ማንንም አላማከሩም፤ ማንም ስላላረመውም በልባቸው ውስጥ እንደ እውነት ጸና።

ነገር ግን ልጅቱ ሌላም ነገር ታውቃለች። በመጀመሪያው የመርፌ ቀን ነርሷ ወንበር ስባ ከፊታቸው ተቀምጣ፣ ቀስ ብላ ነበር ያስረዳቻቸው። “አባቴ፣ ይህ መድኃኒት በሽታውን በራሱ እጅ አይገድለውም። የሰውነትዎን ዘበኞች ነው የሚቀሰቅሳቸው። የነቃ ዘበኛ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ሌባውን ትቶ ባለቤቱን ያንቃል። አንጀትን ሊሆን ይችላል፣ ሳንባን፣ ጉበትን፣ ቆዳን፣ የማያስቡትን ቦታ። ሆድዎ ቢያስቸግር፣ አዲስ ሳል ቢመጣ፣ ትንፋሽ ቢያጥርዎ፣ ሽፍታ ቢወጣ፣ ዓይንዎ ቢደበዝዝ፣ ድካሙ ቢጠና፣ ‘ይህቺማ ትንሽ ናት’ አይበሉ። በዚያው ቀን ይደውሉ። በጊዜው ከነገሩን አብዛኛውን ጊዜ እናበርደዋለን፤ ሲዘገይ ነው የሚከፋው።” ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ካርድም ሰጠቻቸው፤ ከኪሳቸው እንዳይለዩት፣ ሌላ ሐኪም ዘንድ ቢሄዱም አስቀድመው እንዲያሳዩት አሳሰበቻቸው። አባቷ ያን ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። የነቀነቁት ግን አዲስ ሱፍ ገዝቶ ስለ አስተጣጠቡ ሲነገረው እንደሚነቀንቅ ደንበኛ ነበር፤ ካርዱም ከጠመኔው ጋር መሳቢያ ውስጥ ገባ።

ጋሼ ሜትር ለቁርስ ሲቀርቡ ተላጭተዋል፤ ፊታቸው ተጠርቦ የቀረ ይመስላል። ዳቦውን ቆረሱ፤ የቆረሱትን ደግመው ቆረሱ፤ በመጨረሻ ሁሉንም በሳህኑ ጠርዝ እንደ ቁራጭ ጨርቅ ደርድረው፣ “ጠገብኩ” አሉ። ሦስቱም ሻያቸውን ጠጡ። እናትየው ስለ ጎረቤት አጥር ጥቂት ተናገሩ፤ አባትየው፣ “አዎ፣ ያዘነበለ አጥር ነው” አሉ፤ ልጅቱም አጥሩ ማዘንበሉን አረጋገጠች። ሕመምን ለመሸሸግ ሦስት ሰው ሲተባበር ቤቱ እንዴት ጨዋ እንደሚመስል ያየ ሁሉ ያውቃል። ሰው ሥቃዩን ችሎ መሸከሙን እንደ በጎ ምግባር ቆጥረነው ልጆቻችንን አስተምረንበታል፤ ነገር ግን ችሎ መሸከም ሌላ ነው፣ አግዙኝ ማለትን ማፈር ሌላ ነው። ሁለተኛው ከኩራት የተወለደ ነው፤ ልብሱን ግን ከመጀመሪያው ተውሶ ስለሚለብስ ብዙ ደግ ሰው ይሳሳትበታል።

የሚወጡት በሱቁ በኩል ነበር። ሽማግሌው ወፍራም ኮታቸውን ደርበዋል፤ ቀኑ ግን ገና ከጠዋቱ የሚሞቅ ነበር። “ኮት አያስፈልግህም፣ አባዬ” ስትላቸው፣ “ሆስፒታል ብርድ ነው፤ ደግሞ መቀሱን ላስስል ይዤዋለሁ” አሉ። ልጅቱ በሩን ስትከፍት ነፋስ ገባና በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋውን ግራጫ ሱፍ ጫፍ አነሣው፤ ጨርቁ ተጠቅልሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ያ ጨርቅ ሊወድቅ አይገባውም ነበር። ጫፍና ጫፉን የሚጫኑት፣ ከእርሷ ዕድሜ በላይ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የኖሩት ሁለቱ መዳፍ አከል ብረቶች በቦታቸው አልነበሩም። የአባቷን ኮት አየች። ኪሶቹ በግራም በቀኝም እኩል ወደ ታች ተጎትተዋል። ጨርቁን አንሥታ ጠቀለለችው፤ በሩን ቆለፈች።

እስከ አውቶቡሱ ድረስ ያለው መንገድ አጭር ነበር፤ እርሷ ግን በዚያ አጭር መንገድ ራሷን ሁለት ጊዜ ጠልታዋለች። መጀመሪያ የጠላችው እነግርባቸዋለሁ ብላ ስታስብ ነው፤ ሁለተኛ ደግሞ ዝም ብል ምን ይሆናል ብላ ስታስብ። ሁለተኛው ሐሳብ ጣፋጭ ነበር። እብጠቱ በግማሽ ቀንሷል፤ አንድ ሁለት መርፌ ቢጨመር የቀረው ሊቀንስ ይችላል፤ ሆድ ዛሬ ታሞ ነገ የሚድን ነገር ነው። ግን ያቺ ነርስ የተናገረችው አንድ ቃል አልለቅ አላት፤ ሲዘገይ ነው የሚከፋው። በነደደ አንጀት ላይ ሌላ መርፌ ማከል በሚጤስ ቤት ላይ ማገዶ እንደ መጨመር መሆኑን ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልጋትም።

አውቶቡሱ መንገዱን ሲያጋምስ አባቷ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። “እዚህ እንውረድ። እግሬን ላፍታታ።” ወረዱ። ሽማግሌው በመጀመሪያው ሻይ ቤት በር ገብተው ሻይ አዘዙና ቀጥታ ወደ ጓሮ አለፉ። ሻዩ መጣ፤ ቀዘቀዘ፤ ዝንብ ዞረው። ባለቤቱ ዓይኑን ከጋዜጣው ሳያነሣ፣ “ሻይ ሳይጠጡ የሚከፍሉ ደንበኞች ናቸው የሚያኖሩኝ” አለ፤ ክፋት አልነበረበትም፤ ነገሩን የለመደ ሰው ነው። ጋሼ ሜትር ሲመለሱ ግንባራቸው ላብ አቸፍችፏል፤ ከኮታቸው ደረት ኪስ አንድ ክኒን አውጥተው በቀዘቀዘው ሻይ ዋጡት።

“ይህ ደግሞ ምንድን ነው?”

“ከፋርማሲ ነው። ለሆድ ማቆሚያ።”

“ማን አዘዘልህ?”

“ሆዴ።”

ሳቅ ብላ ብታልፈው ደስ ባላት ነበር፤ አልቻለችም። “ለሲስተሯ እንንገራት፣ አባዬ።”

ሽማግሌው የሻዩን ብርጭቆ በሳህኑ ላይ አስተካክለው አስቀመጡ። “ልጄ፣ ደንበኛ ፊት የስፌት ጉድለት ይወራል? አይወራም። ዝም ብለሽ ወደ ጓዳ ትገቢያለሽ፤ ከውስጥ ታስተካክያለሽ፤ ደንበኛው አምሮበት ይሄዳል። ዝም አይነቅዝም።”

“እሱስ ልክ ነው። ግን እዚያ ደንበኛው ማን ነው? እሷ ናት አንተ?”

የሻዩን ሒሳብ ከፍለው፣ ኮታቸውን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው በትከሻቸው ላይ አመቻቹና ቀድመዋት ወጡ። ሁለተኛውን አውቶቡስ ሲጠብቁ ልጅቱ አባቷን እያየች የመጀመሪያውን የሥራ ቀኗን አስታወሰች። አንድ ወፍራም ነጋዴ ሱፍ ሊያሰፋ መጥቶ ከነኮቱ ቆሞ ነበር፤ እርሷም አፍራ ኮትዎን ያውልቁ ማለት አቃታት፤ ሜትሩን ከላይ ዘርግታ ለካችው። አባቷ በነጋዴው ፊት ምንም አላሏትም። ሲሄድ ጠርተው፣ “ሰው ከነኮቱ አይለካም” አሏት። “ከነኮቱ የለካሽውን ሰው ኮቱን ነው የምታለብሺው፤ ሰውየው ራቁቱን ይቀራል።” በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ደንብ ሲጥሱ አላየቻቸውም፤ የመንግሥት ሹም ሲመጣ እንኳ ኮቱን ራሳቸው ተቀብለው በትከሻ መስቀያ ሰቅለው ነበር የሚለኩት።

የሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል ግድግዳው እስከ ሰው ወገብ ድረስ ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው ነጭ ነው፤ በቀለሙ ላይ ሰዎች ራሳቸውን ያስደገፉባቸው ቦታዎች ወዝ ይዘው ያብረቀርቃሉ። የሾፌሩ ወንበር ባዶውን ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ፣ ለተመሳሳይ መርፌ የሚመጣው አናጢ ተቀምጧል፤ ሁልጊዜ ወንበሮቹን እያንቀጠቀጠ የአሠራራቸውን ጉድለት የሚናገር ቀጭን ሰው ነው። “ጋሼ ሜትር፣ ዛሬ ደግሞ ሠርግ አለብዎት እንዴ? በዚህ ሙቀት ኮት?” አላቸው። “አንተ ለሬሣ ሳጥን ለክተኸኝ እንደ ሆነ ብዬ፣ ልክህን ላበላሽብህ ነው” አሉት። አናጢው ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ልጅቱም ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን ከባዶው ወንበር አልተነቀለም።

ስማቸው ተጠራ። የመመርመሪያዋ ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በጥግ በኩል ቆመው የሚመዘኑበት ሚዛን። ነርሷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምታውቃቸው ናት፤ ዛሬ ግን ደጁ ሙሉ ስለሆነ ፊቷ ችኩል ነው። “አባቴ፣ ብቅ ይበሉ ሚዛኑ ላይ” አለች፣ ቅጹን እያገላበጠች። ሽማግሌው ወጡ። ቀስቱ ተወዛወዘና ስልሳ ስምንት ከግማሽ ላይ ረጋ። ነርሷ ያለፈውን ጊዜ ቁጥር አየች። “ንቅንቅ አላሉም። ጎበዝ!” አለች፤ በቅጹ ላይም ጻፈችው። “ሆድ እንዴት ነው?” “ደህና።” “ሳል?” “ከበፊቱ ቀንሷል።” ይህ እውነት ነበር። “ሽፍታ፣ ማሳከክ?” “የለም።” “በቀን ስንት ጊዜ ይቀመጣሉ?” “እንደ ሰው ሁሉ።” ነርሷ እስክሪብቶዋን አነሣች፤ ሌላ ጥያቄ ሳይቀር ሁሉንም ምልክት ልታደርግበት ነበር።

ልጅቱ ያን ጊዜ መናገር ትችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር። ነገር ግን ያ ዓረፍተ ነገር አባቷን በሰው ፊት ሐሰተኛ እንደሚያደርጋቸው አወቀች። በሴንቲ ሜትር ስሕተት እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ሚዛን ሲያታልሉ ተያዙ ይባላል፤ የሚድነው አካላቸው ቢሆን እንኳ የሚሰበር ሌላ ነገር አለ። ስለዚህ ወደ ሚዛኑ ቀረበችና፣ በሱቃቸው ውስጥ ለደንበኛ እንደምታደርገው ሁለት እጇን ዘረጋች።

“አባዬ፣ ኮትህን ልቀበልህ።”

ሽማግሌው አላዩአትም። “ይበርደኛል።”

“ሰው ከነኮቱ አይለካም ብለኸኝ ነበር።” ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር፤ ምናልባት ነርሷ አልሰማችው ይሆናል።

ጋሼ ሜትር በሚዛኑ ላይ እንደ ቆሙ ልጃቸውን ተመለከቱ። ልጅቱ እጇን እንደ ዘረጋች ጠበቀች። ረጅም ጊዜ ነበር፤ ከመጋረጃው ማዶ የአንድ ሰው ሳል መጥቶ እስኪሄድ ድረስ ቆየ። ከዚያ የሽማግሌው ጣቶች ወደ ላይኛው ቁልፍ ወጡ። አንድ በአንድ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሳይቸኩሉ ፈቱ። ኮቱን አውልቀው ሲያቀብሏት በክንዷ ላይ እንደ ተኛ ሕፃን ከበደ፤ ብረትና ብረት በጨርቅ ውስጥ ተጋጭቶ አንድ ድፍን ድምፅ ሰጠ። የሚዛኑ ቀስት ወደ ኋላ ሄደና ስልሳ አራት ላይ ደርሶ ቆመ።

ነርሷ ቀስቱን አየች፤ ኮቱን አየች፤ ከዚያ ሽማግሌውን። ችኩል ፊቷ ቀስ ብሎ ተለወጠ። አልተቆጣችም፤ አልሳቀችምም። የጻፈችውን ቁጥር በአንድ መስመር ሰረዘችና ወንበሩን እንደ መጀመሪያው ቀን ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች። “ይውረዱ፣ አባቴ። ይቀመጡ። እንደገና እንጀምር” አለች። “በቀን ስንት ጊዜ?”

“አምስት” አሉ። ቀጥለው፣ “ስድስት የሆነበትም ቀን አለ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው።” ቀኑን እንኳ አልተሳሳቱም፤ ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው።

“ደም አለበት? ትኩሳት? ቁርጠት?”

“ደም የለም። ትኩሳትም የለም። ቁርጠት አለ።” ከዚያ የፋርማሲውን ክኒን ከልጃቸው ክንድ ላይ ካለው ኮት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ከእርሱ ቀጥሎ መቀሱን፣ ከመቀሱ ቀጥሎ ሁለቱን ብረቶች አስቀመጡ። ነርሷ ብረቶቹን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ “እኔስ ጉልበትዎ እየበረታ ነው ብዬ ነበር” አለች፤ ሽማግሌውም ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ ፈገግታው ግን መንገድ ላይ ተሰብሮ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ልጅቱ ኮቱን ይዛ ወደ መስኮቱ ዞረች። አባቷ ሲያለቅሱ ማየት እንደማይገባት ታውቃለችና፣ ከውጭ ያለውን የመኪና ማቆሚያ ማየት ጀመረች።

ሐኪሟ መጣች፤ ሆዳቸውን ዳሰሰች፤ ደምና የሰገራ ምርመራ አዘዘች። ውጤቱ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ያህል ወሰደ። ሽማግሌው በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፤ ሐኪሟ ተመልሳ ስትቀመጥ ጠየቁት። “እንግዲህ ተነጠቅሁ ማለት ነው?”

“ዛሬ አንወጋዎትም” አለች ሐኪሟ። “የዛሬው ቀርቷል። ዘበኞቹ አንጀትዎ ላይ ተነሥተዋል፤ መጀመሪያ እነርሱን ማብረድ አለብን። ክኒን እሰጥዎታለሁ፤ ጠዋት ከምግብ ጋር ይወስዱታል፤ ተሻለኝ ብለው በራስዎ እንዳያቋርጡት፤ እኛ ነን ቀስ በቀስ የምንቀንሰው። ከፋርማሲ የገዙትን ግን ያቁሙ፤ እሱ ጭሱን እንጂ እሳቱን አያጠፋም። ደም ካዩ፣ ካተኮሰዎት፣ ሆድዎ ከተወጠረ፣ ቀንም ሆነ ሌሊት ይምጡ። ነገ ደግሞ ሲስተር ትደውላለች፤ እስኪረጋ በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደ ተቀመጡ ይነግሯታል።”

“ከዚያስ? መርፌው?”

ሐኪሟ የምርመራውን ወረቀት ወደ ጎን አደረገች። “ስንት ሳምንት እንደሚፈጅ አላውቅም። እንመለስ ይሆናል፤ ላንመለስም እንችላለን። ነገር ግን የወሰዱት አምስቱ በከንቱ አልሄዱም፤ መድኃኒቱ ቆሞም የቀሰቀሰው ነገር ሥራውን የሚቀጥልበት ሰው አለ። ለዚያው ነው እኮ መርፌ ካቆሙ ከወራት በኋላም ቢሆን አዲስ ነገር ሲሰማዎ ይንገሩን የምንለው። አንድ ሳምንት ቆይተው ቢሆን ኖሮ ግን በእግርዎ አይመጡም ነበር።” ጋሼ ሜትር ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደ ደንበኛ አልነበረም፤ ከልብ ነበር፤ ግን እንደ ተሸነፈ ሰው።

ሲወጡ አናጢው በር ላይ አገኛቸው። ሽማግሌው ጭናቸውን እንዳልያዙ አየና ገባው። “ቆመብዎት? የኔም ቆሞ ያውቃል፤ ሁለት ወር። ሳንባዬን ነበር የነካኝ። ይኸው ተመልሼ እወጋለሁ።” ሽማግሌው ወደ ባዶው ወንበር አመለከቱ። “የሱስ?” አናጢው ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ሚስቱን ገበያ አግኝቻት ነበር። እዚህ ለሲስተር ሲነግር ስድስት ሳምንት አልፎታል። ተናግሮ አይደለም፣ ጋሼ፤ ዘግይቶ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ወጥቷል፤ አሁን ቤቱ ነው፤ ሰላም በሏቸው ብሏል።” ጋሼ ሜትር አውቶቡሱ ማቆሚያ እስኪደርሱ ድረስ ሁለት ጊዜ ቆመው ወደ ኋላቸው አዩ።

አውቶቡሱ ውስጥ ልጅቱ ኮቱን በጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። አባቷ ተቆጥተው እንደ ሆነ አላወቀችም፤ መጠየቅም ፈራች። ከብዙ ፌርማታ በኋላ ሽማግሌው መስኮት መስኮቱን እያዩ፣ “የኪሱን ገበር አየሽው?” አሉ።

“አየሁት።”

“ድርብ አድርጌ ነው የሰፋሁት። እንዳይቀድ።”

“ጥሩ ስፌት ነው፣ አባዬ።”

“ጥሩ ስፌት ነው” አሉ እርሳቸውም፤ ከዚያም እጃቸውን በእጇ ላይ አኖሩ፤ እስኪወርዱም አላነሡትም።

ቤት ሲደርሱ እናትየው በሱቁ ደጃፍ ቆመው ይጠብቁ ነበር። የሁለቱን ፊት አይተው ገቡና ሾርባ አሞቁ። ሽማግሌው ግማሹን ጠጡ፤ ለአሥራ ሁለት ቀን ግማሽ ሳህን ጨርሰው አያውቁም ነበር። ከዚያ ወደ ሱቁ ወጥተው ሁለቱን ብረቶች በጨርቁ ግራና ቀኝ ጫፍ መለሱ፤ ካርዱን ከመሳቢያው አውጥተው በኮቱ ድርብ ኪስ ከተቱ፤ የደንበኞችን ልክ የሚጽፉበትን ወፍራም ደብተር ከፍተውም አዲስ ገጽ ጀመሩ። በገጹ አናት የደንበኛው ስም በሚጻፍበት ቦታ የራሳቸውን ስም ጻፉ፤ ማንም የማይጠራቸውን ያን የተረሳ ስም። ከሥሩ ቀኑን፣ ክብደት ስልሳ አራት፣ መቀመጥ አምስት ብለው ሞሉና እስክሪብቶውን በደብተሩ መካከል ትተው ሊተኙ ገቡ።

ልጅቱ የመርፌ ቀኑን ሱሪ ልትሰቅል አነሣችው። እናቷ ከኋላዋ መጥተው፣ “ያ ውስጡ ያለው ጉብታ ሲቀመጥ ወገቡን ሲቆረቁረው ነው የዋለው። ቁረጪለትና ጠርዙን ስፊለት” አሉ። በሙያው ደንብ ሱሪ ሲጠብ ትርፉ ጨርቅ ይቆረጣል፤ ካልተቆረጠ ጎርብጦ ይቆረቁራል። የማይቆረጠው ለሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ለሚያድግ ልጅ፣ አንድም ከሕመም አገግሞ ሰውነቱ ለሚመለስ ሰው። ልጅቱ መቀሱን ይዛ ሱሪውን ገለበጠችው። ሁለት ጣት ሙሉ ትርፍ ጨርቅ፣ አንዲት ክር ሳይጎድልበት፣ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ጫፉ እንዳይተረተር ዙሪያውን በእጅ ተዘምዝሟል፤ የሁለቱም ስፌቶች ክር ጫፍ ሳይቋጠር ረዘም ተደርጎ ተትቷል፤ አንድ ቀን አንድ ሰው ይዞ ቢስበው በቀላሉ እንዲወጣ።

መቀሱን መልሳ አስቀመጠች።

“ምነው?” አሉ እናቷ።

“አይቆረጥም፣ እማዬ። ይፈልገዋል” አለች፤ ሱሪውንም በመስቀያው ላይ አድርጋ ሰቀለችው።